የጠዋቷ ልጅ

ልጅ ሆኜ ሁለት ነበርኩ። ይህን የምለው ለማስደነቅ አይደለም። በዚያን ጊዜ ታቦር ሰፈር የሚያውቁኝን ሰዎች ብትጠይቁ፣ ጠዋት ያየኝና ከሰዓት ያየኝ ሰው ስለ አንዲት ልጅ እያወሩ መሆናቸውን አይቀበሉም። ጠዋት ያየኝ፣ ፊቷን አጨማዳ ግድግዳ ግድግዳ ይዛ ግራ እግሯን የምትጎትት ልጅ ያስታውሳል። ከሰዓት ያየኝ ደግሞ በዳገቱ ላይ ከባጃጅ ጋር እሽቅድድም የምትገጥም ባለጌ ልጅ ያስታውሳል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ነገሩ የጀመረው ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ጠዋት ዓይኔን እገልጣለሁ። ኮርኒሱን አየዋለሁ፣ እናቴ ወጥ ቤት ዕቃ ስታንኳኳ እሰማለሁ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ቆርቆሯችን ላይ ሲራመዱ ጥፍራቸው ቋ ቋ ሲል እሰማለሁ። ሁሉም ነቅቷል፤ እግሬ ግን የለም። ማለቴ፣ ብርድ ልብሱን ገልጬ ሳየው ቦታው ላይ ነው። ተነሥ ስለው ግን አይሰማኝም። ስተኛ እንደታጠፈ፣ እዚያው እንደታጠፈ፣ ሌላ ሰው ገብቶ ቆልፎብኝ የሄደ ይመስላል። ጣቶቼም እንደዚያው ናቸው፤ የዩኒፎርሜን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተኛል። ሕመም ነበረው፤ ግን ያን ያህል ያስፈራኝ ሕመሙ አልነበረም። የሚያስፈራኝ አለመታዘዙ ነበር። የእኔ ያልሆነ ነገር አብሮኝ ያደረ ይመስለኝ ነበር።

ፀሐይ ከፍ እያለች ስትመጣ ደግሞ ቀስ ብሎ ይላቀቃል። አንድ ሰው ከውስጤ ዕቃውን ሰብስቦ፣ ሳይቸኩል፣ የሚወጣ ያህል ነው። ምሳ ሲደርስ የለም። ከምሳ በኋላ በጠዋቱ እንዴት እንደነበርኩ ራሴም እረሳዋለሁ፣ እሮጣለሁ፣ እወድቃለሁ፣ እናቴ ትጮህብኛለች።

ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ነበር፣ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት። ይህን በሽታ ለመደበቅ ታስቦበት የተሠራ ሥርዓት ቢፈለግ ከፈረቃ የተሻለ አይገኝም። በጠዋት ሳምንት ሰልፍ ላይ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ፣ እርሳስ መያዝ አልችልም፣ ከመቀመጫዬ ስነሣ ዴስኩን ይዤ ነው። በከሰዓቱ ሳምንት ደግሞ ከግቢው በር እስከ ክፍል በሩጫ እገባለሁ። የክፍል ኃላፊ መምህራችን ሁለቱንም ስላየች ፍርዷን ለመስጠት አልተቸገረችም። «ባለፈው ሳምንት እንደ ፍየል ስትዘልይ በዓይኔ አይቼሻለሁ። ጠዋት ሲሆን ነው እንዴ የምትታመሚው?» አለችኝ በሰው ፊት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ?

ያልሳቀችው ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ብቻ ነች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰውን በቅርብ ትኩር ብሎ የማየት ልማድ ያላት ልጅ ነበረች። አንድ ጠዋት ጆሮዬ ድረስ ተጠግታ፣ «ዛሬ የትኛዋ ነሽ?» አለችኝ።

ያልገባኝ መስዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። በሚቀጥለው የጠዋት ሳምንት ደግማ ጠየቀችኝ። ያን ዕለት ጉልበቴ በጣም ቆልፎኝ፣ ተቆጥቼም ነበርና፣ «የጠዋቷ» አልኳት። ልጅቷ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ዴስኩ ጫፍ ተንሸራተተች። እስከ ዕረፍት ድረስ ወደ እኔ አልዞረችም።

ወሬው በክፍሉ ተዳረሰ። የጠዋቷ ልጅ ታቦር ተራራ ላይ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ነው የምትኖረው፣ ሳይነጋ ትወርዳለች፣ እኔን ከአልጋዬ አውጥታ በቦታዬ ትተኛለች ተባለ። በከሰዓት ሳምንት ልጆቹ እንደ ዘመዷ ይጠይቁኛል። ምን ትበላለች? አትበላም እላለሁ። ትናገራለች? ስትፈልግ ትናገራለች፣ በእኔ ድምፅ። ውሸት ስዋሽ የሚጣፍጥልኝ ልጅ ነበርኩ፣ አሁንም ብዙ አልተለወጥኩም። ጣጣው ግን የራሴን ወሬ ራሴ ማመኔ ነው። ስተኛ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ መተኛት ፈራሁ።

እናቴ እንዲህ ያለ ወሬ የሚነካት ሴት አይደለችም። ፒያሳ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ትሠራለች፤ በዓይኗ ያላየችውን አታምንም፤ ምላሷ ደግሞ ከመቀስ ይሰላል። እኔን ሐኪም ቤት ለመውሰድ ከሱቅ መውጣት የምትችለው ከምሳ በኋላ ነው። እኔም ብሆን ጠዋት ከአልጋ አልወርድም። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሁልጊዜ የምንደርሰው ከሰዓት ነው፤ ማለትም ጤነኛዋ ስትሆን። ጉልበቴን መታ መታ ያደርጉታል፣ ተራመጂ ይሉኛል፣ እራመዳለሁ። አንዱ «እያደገች ነው፣ የማደግ ሕመም ነው» ብሎ ቫይታሚን ሰጠን። ሌላው ለእናቴ «ትምህርት ጠልታ ይሆናል» አላት። ስንመለስ እናቴ ባጃጅ ውስጥ፣ «ሐኪም ሲያይሽ ነው የምትድኚው? ትንሽ እንኳን ብታነክሺ ምን ነበረበት?» አለችኝ። ከዚያ አንገቴን አቅፋ እስከ ቤት ድረስ አለቀቀችኝም።

ትምህርት ሲዘጋ አባቴ እናቱ ዘንድ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ቱላ፣ አደረሰኝ። አያቴ አማርኛ ትችላለች፤ የልቧን ግን በሲዳምኛ ነው የምትናገረው። እዚያ ባደርኩ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዓይኔን ስገልጥ፣ አያቴ ዱካ ላይ በትይዩ ተቀምጣ ስታየኝ አገኘኋት። እስክነቃ ስትጠብቅ የቆየች ትመስላለች። ፊቷ ላይ ቁጣም ፍርሃትም የለም። በሲዳምኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «አንቺ ማነሽ?» አለችኝ።

ቤቱ ጨለም ያለ ነው። በሩ ስር ብቻ ትንሽ ብርሃን ገብቷል። የማውቃት አያቴ፣ የማውቀው ድምፅ ነው። ግን የምትጠይቀው እኔን እንዳልሆነ ገባኝ። ዓይኗ ያለው ብርድ ልብሱ ላይ፣ ጉልበቴ ያበጠበት ቦታ ላይ ነው።

«አላውቅም» አልኩ።

አያቴ የጠበቀችውን መልስ ያገኘች ይመስል ራሷን ነቀነቀች። ወጥታ የእንሰት ቅጠል በእሳት አለዝባ መጣችና ትኩሱን ጉልበቴ ላይ ጠቀለለችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ለጉልበቴ ነገረችው። «እንግዳ ከሆንሽ ሙቂና ሂጂ። ልጅቷን ተይልን።» አለችና እጇን ጭና ጸለየች። ሙቀቱ ደስ ይል ነበር። በዚያ ጠዋት ከወትሮው ቀደም ብሎ ተላቀቀልኝ። ይህ ግን አላስደሰተኝም። አያቴ ያናገረቻት ልጅ ሰምታ ወጣች ማለት ነዋ።

ከቱላ ተመልሼ፣ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ እናቴ ይህን ስትሰማ ጨሰች። አያቴን ፊት ለፊት መናገር ስለማትደፍር ቁጣውን በድስትና በክዳን ላይ ተወጣችው። «የጠዋቷ ልጅ! የጠዋቷ ልጅ! እንግዲያውስ እሷኑ ለሐኪም አሳያታለሁ፤ ምን እንደምትል እንስማ!» አለች።

እንዳለችው አደረገች። በማግስቱ ገና ሳልንቀሳቀስ በብርድ ልብሱ እንደተጠቀለልኩ አነሣችኝ። «እንዳትፍታቺ፣ እንዲሁ ሁኚ!» ትለኛለች፣ መፍታታት በእጄ ያለ ይመስል። ጉልበቴ እንደታጠፈ ባጃጅ ውስጥ አስገባችኝ። ሹፌሩ በመስታወቱ እግሬን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከዚያ ጉድጓዱን እየዞረ ቀስ ብሎ ነዳ። መንገዱ ላይ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ነበሩ። አንዳንዶቹ አወቁኝ፤ ቆመውም አዩኝ። የጠዋቷን ወስደው ሊጥሏት ነው ብለው እንዳወሩ በኋላ ሰማሁ።

ያገኘናት የሕፃናት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። እናቴ አልጋው ላይ አስቀመጠችኝና፣ «ዶክተር፣ ይቺ የጠዋቷ ናት። የከሰዓቷን ሐኪም ሁሉ አይቷታል፣ ጤነኛ ናት ብሏል። ይቺን ያያት ግን የለም» አለቻት። ሐኪሟ አልሳቀችም። ሁለቱን መዳፎቿን ሁለቱ ጉልበቶቼ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ እጆቿን አቀያይራ እንደገና ዳሰሰች። «ግራው ይሞቃል። ውስጡ ፈሳሽ አለው» አለች። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። ጠዋት እንደዚህ ስነሣ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ስትጠይቅ፣ እናቴ መልስ መስጠት ጀምራ መጨረስ አቃታት። አለቀሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያመናት ሰው ተገኝቷል።

ደም ተወሰደ፣ ምርመራው ተደረገ፣ ሌላ ሌላ በሽታ አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ ስሙ ተነገረን። የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት፣ አርትራይትስ። «ሪህ? ለዚች ለእንቁላል?» አለች እናቴ። ሐኪሟ ሪህ እንዳልሆነ፣ ሕፃንም እንደሚይዝ አስረዳቻት። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል፣ ይወጋዋል። ሌሊት ሳትንቀሳቀስ ስለምታድር ጠዋት ይደርቃል፣ ስትንቀሳቀስ ይለቃታል። ትምህርት ጠልታ አይደለም፣ መንፈስም አይደለም።

እናቴ እፎይ አለች። እኔ ግን አልጋው ላይ ሆኜ የሰማሁት ሌላ ነው። ሰውነቴ ውስጥ ባዕድ አለ። ይህንኑ አይደል ስናገር የከረምኩት?

ከመውጣታችን በፊት ሐኪሟ እናቴን መልሳ አስቀመጠቻት። ድምጿ ቀነሰ። «አንድ ነገር አደራ። ይህ በሽታ ዓይን ውስጥም ይገባል። ዓይን ውስጥ ሲገባ አያምም፣ አይቀላም፣ አያስለቅስም። ልጅቷ አታውቀውም፣ እርስዎም አያዩትም። ዝም ብሎ ብርሃኗን ይወስዳል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ የዓይን ሐኪም በልዩ መብራት ያያታል። ጉልበቷ ቢድንም፣ ዓይኗን ምንም ባያማትም መምጣት አለባት።» እናቴ «እሺ፣ እሺ» አለች። ያን ዕለት እሺ የማትለው ነገር አልነበረም።

ሕክምናው ተጀመረ። መጀመሪያ ጉልበቴ ውስጥ መርፌ ገብቶ ቢጫ ፈሳሽ ተቀዳ፤ በዚያው መድኃኒት ተጨመረበት። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ክኒን አለ፣ ሜቶትሬክሴት የሚባል። ቅዳሜ ማታ እውጠዋለሁ፣ እሑድን እያቅለሸለሸኝ እውላለሁ። ማቅለሽለሹን ለማስታገስ በሌሎቹ ቀናት ሌላ ቫይታሚን አለ። በየጊዜው ደም ይታያል፣ መድኃኒቱ ጉበት እንዳይጎዳ። ጠዋት ጠዋት እናቴ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ታመጣለች፣ እግሬን ትነክርና ማጠፍ መዘርጋት ታስቆጥረኛለች። የአያቴን የእንሰት ቅጠል ነገር ለሐኪሟ ብነግራት፣ ሙቀት ጥሩ ነው አለች። ያናገረችውን ግን አልነገርኳትም።

ቀስ በቀስ የጠዋቷ ልጅ ደከመች። መጀመሪያ ዘግይታ ትመጣለች፣ ቀድማ ትሄዳለች። ከዚያ አንዳንድ ቀን ትቀራለች። አንድ ጠዋት ከአልጋዬ ወርጄ፣ በሩን ከፍቼ፣ ግቢው መሐል ስደርስ ነው በእግሬ መሄዴን ያስተዋልኩት። ቆምኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ዞሬ የመኝታ ቤቱን በር አየሁ። ተከትላኝ ትወጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አልወጣም። የት ሄደች? የሚለው ጥያቄ ለሌላው ሰው ሁሉ ያለቀ ነበር። ለእኔ ግን አላለቀም።

እናቴ የምስጋና ፕሮግራም ጠራች። ከቤተ ክርስቲያን ኅብረቱ መጣ፤ ጎረቤት መጣ፤ አያቴም ከቱላ መጣች። ተዘመረ፣ ተጸለየ፣ ዳቦ ተቆረሰ። እናቴ ተነሥታ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የዚያ በሽታ ስም በዚህ ቤት እንዳይነሣ። የሄደ ነገር አይጠራም» አለች። ሁሉም አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። በእኛ ዘንድ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከቤት የወጣ ክፉ ነገር ስሙ ከተነሣ መንገዱን ያስታውሳል ብለው የሚያምኑ ሰዎች በዙሪያችን ሞልተዋል። በዓይኗ ያላየችውን የማታምነው እናቴ አንዷ እንደምትሆን ግን አልጠበቅኩም። ፍርሃት ሰውን ያላሰበበት ያገባዋል።

ክኒኑ አልተቋረጠም፤ በዚህ አትታማም። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ስሙን ሳትጠራ፣ ሳታየኝም፣ የኮንትሮባንድ ዕቃ እንደምታቀብል ሰው መዳፌ ውስጥ ታደርገዋለች። ችግሩ የዓይኑ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ንጹሕ ነበር። የሁለተኛው ጊዜ ሲደርስ እናቴ፣ «ዓይንሽን ያምሻል?» አለችኝ።

«አያመኝም።»

«ይቆጠቁጥሻል? ያስለቅስሻል?»

«ኧረ ምንም።»

«ታዲያ ክፉውን ምን ያስጠራናል?» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ሦስተኛውም እንደዚሁ አለፈ። ሐኪሟ ያለችው ትዝ ይለኝ ነበር፤ እናቴም አልረሳችውም። ሁለታችንም ስለማናነሣው ግን ያልተባለ ያህል ሆነ።

አራተኛ ክፍል ስንገባ ያቺው ዝምተኛ ልጅ አሁንም ዴስክ ትጋራኛለች። የጠዋቷ ነገር ተረስቷል፣ ልጆች ሌላ ወሬ አግኝተዋል። የከሰዓት ፈረቃ ነበርን፤ እኛ የምንቀመጠው በመስኮቱ በኩል ነው፣ ፀሐይዋ ፊቴ ላይ አርፋለች። ላጲስ ልትቀበለኝ ዞር አለችና እጇ አየር ላይ ቀረ። እንደ ልማዷ ትኩር ብላ አየችኝ።

«ግራ ዓይንሽ» አለች።

«ምን ሆነ?»

«መሐሉ ያለው ጥቁሩ ክብ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

አሰበች። «የቁልፍ ቀዳዳ ነው የሚመስለው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ድሮው፣ «በዚያ በኩል የምታየኝ እሷ ናት?» አለችኝ። ላጲሱን ሳትወስድ ወደ ዴስኩ ጫፍ ተንሸራተተች።

ቤት ስደርስ ማንም አልነበረም። የቁም ሳጥኑ በር ላይ መስታወት አለ፤ በሩን ወደ መስኮቱ አዙሬ ከፈትኩና ፊቴን እስኪነካ አስጠጋሁት። ቀኝ ዓይኔ ደህና ነው፣ ጥቁሩ ድቡልቡል ነው። ግራው ግን ከታች በኩል የተነከሰ ይመስላል፤ ወደ አንድ ጎን ሹል ብሏል። ከብርሃኑ ወደ ጥላው፣ ከጥላው ወደ ብርሃኑ ፊቴን አመላለስኩ። የቀኙ ጥቁር ይጠባል፣ ይሰፋል። የግራው አይንቀሳቀስም። እኔ ብንቀሳቀስም ባልንቀሳቀስም በዚያው ቅርፁ ያየኛል። ቀኙን ሸፍኜ በግራው ብቻ ልየው ብዬ እጄን አነሣሁና ተውኩት። ከእሷ ጋር ብቻዬን መቅረት ፈራሁ።

ለካ አልሄደችም። ጉልበቴ ሲከለከላት ዝም የሚባልበት ክፍል አግኝታ ገብታለች።

መናገር ነበረብኝ፣ መናገር ደግሞ ተከልክሏል። እናቴ ከፒያሳ እስክትመለስ በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «እማዬ፣ አትቆጪኝ። የጠዋቷ ልጅ አልሄደችም፣ ዓይኔ ውስጥ ናት» አልኳት።

«ዝም በይ!» አለችና አፌን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። እጇ ግን አገጬ ላይ ቀረ። ፊቴን ወደ በሩ፣ የቀረችው ፀሐይ ወዳለችበት አዞረችው። አየችኝ። ከዚያ የበሽታውን ስም ጠራችው፣ ሙሉ ስሙን፣ በሐኪሟ አጠራር። ከምስጋናው ቀን ወዲህ በቤታችን ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ማንም የመጣ የለም። አስቀድሞ ገብቶ ነበር።

የዓይን ሐኪሙ ሸምገል ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ክፍላቸው መጋረጃው ተዘግቶ ጨለማ ነው። አገጬን መሣሪያው ላይ አስደገፉኝ፤ ቀጭን ብርሃን ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ሄደ። አላመመኝም። ትንፋሻቸውን ብቻ እሰማለሁ። ሲያዩ ቆዩ፣ በጣም ቆዩ። ከዚያ ለእናቴ ነገሯት። በፀሐይ ጨረር ውስጥ አቧራ ሲበን እንደሚታየው ያለ ነገር በዓይኔ ውኃ ውስጥ ይበናል። ብግነት ነው። ግራው የቆየ ስለሆነ የብሌኑ ጠርዝ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር ተጣብቋል፣ ሌንሱም ደመና ይዟል። ቀኙም ጀምሯል፤ ግን ገና ነው፣ ደርሰንበታል።

«እንዴት አታይም ነበር? ትሮጣለች፣ ታነባለች፣ ምንም አልጎደላት እኮ!» አለች እናቴ።

«በአንዱ ነዋ የምታየው። ልጆች አያውቁትም» አሏት። ከዚያ መጋረጃውን በከፊል ገለጡና፣ «እስቲ የግራውን እንየው» ብለው ቀኝ ዓይኔን በጥቁር ማንኪያ መሳይ ነገር ሸፈኑት።

ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች ጠየቁኝ። ግድግዳ አለ፣ ፊደል የለም። ትልቁንስ? የለም። ጣታቸውን አሳዩኝ። አንድ ነገር ይወዛወዛል። ልጅ እንዳይደነግጥ ነው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «ግዴለም የኔ ልጅ፣ ይህን ተዪው። እናትሽ የት እንዳለች ታያታለሽ?» አሉኝ።

ይህንማ አላጣውም ብዬ ደስ አለኝ። ዞር ዞር ብዬ ፈለግኳት። በሩ አጠገብ ቆማለች። ረዘም ብላ፣ እጆቿን ወደ ታች ለቃ፣ ቀጥ ብላ። ፊቷ ጉም ነው፤ ግን ወደ እኔ እንደዞረ አውቄዋለሁ። «ያቻት፣ በሩ ጋ። እያየችኝ ነው» አልኩ። እንዳትጨነቅም ፈገግ አልኩላት።

ሐኪሙ የሸፈኑበትን ቀስ ብለው አነሡት።

በሩ አጠገብ፣ ሚስማር ላይ፣ የሰው ካፖርት ተሰቅሏል። እናቴ ከወንበሬ ጀርባ ናት። ከመጀመሪያውም እዚያው ነበረች፤ ቀሚሷ ትከሻዬን ይነካኝ ነበር። ፈገግ ያልኩት ለካፖርቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ረጅም ነው፤ ግን ደግ ነው። በየሰዓቱ የሚንጠባጠብ የዓይን ጠብታ፣ የክኒኑ መጠን መጨመር፣ ያም አልበቃ ሲል ከአዲስ አበባ የሚመጣ፣ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ፣ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መድኃኒት። እናቴ መውጋት ተማረች፣ በየሦስት ወሩ የዓይን ቀጠሮ ላይም ሳይከፈት የምንደርሰው እኛ ሆንን። ቀኝ ዓይኔ ተረፈ። ዛሬ ፒያሳ ውስጥ ቢሮ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። ጉልበቴም ደህና ነው። የግራው ከቀዶ ሕክምናም በኋላ ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ሰው አይለይም።

እናቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አውርታ አታውቅም፤ እኔም አላነሣባትም። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ግን እኔ ወዳለሁበት ክፍል ዝም ብላ ገብታ አታውቅም። በሩ ላይ ትቆማለች፣ «እኔ ነኝ» ትላለች፣ ከዚያ ትገባለች። ጠዋትም ሆነ ማታ፣ እንግዳ ቢኖርም ባይኖርም። «እማዬ፣ አያለሁ እኮ፣ በቀኙ ደህና አድርጌ ነው የማይሽ» እላታለሁ። «አውቃለሁ» ትላለች። በማግስቱ መጥታ በሩ ላይ ቆማ፣ «እኔ ነኝ» ትለኛለች።